ቀለም የመለየት ምርመራ ውጤትን መቼ እንመን?

ለመንጃ ፈቃድ ወይም ለሥራ ተመርምራችሁ «ቀለም አትለይም» ከተባላችሁ፣ ከመደንገጣችሁ በፊት ምርመራው እንዴት እንደተሠራ አስቡ።

በየክሊኒኩ ያለው ባለ ነጠብጣብ መጽሐፍ ኢሺሃራ ይባላል። ጃፓናዊው ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ በ1917 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ቀይና አረንጓዴ የሚምታታበትን ሰው ለመለየት እስካሁን በጣም ይታመናል፣ በአግባቡ ከተሠራበት ማለቴ ነው።

ዋናው ነገር ብርሃን ነው። መጽሐፉ የታሰበው ለቀን ብርሃን ነው፤ ክረምት ላይ ደብረ ብርሃን በጉም ስትሸፈን ክፍሉ ይጨልምና ቢጫ አምፖል ይበራል፣ በዚያ አምፖል ሥር ደግሞ የነጠብጣቦቹ መልክ ስለሚቀየር ችግሩ ያለበት ሰው እንኳ አንዳንዱን ገጽ ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ «መስኮት አጠገብ ልሁን» በሉ። እንደ ሸዋ ሮቢት ያለ ፀሐይ ከሆነ ግን በቀጥታ ገጹ ላይ አይረፍ፤ ያንጸባርቃል፣ ሲቆይም ቀለሙን ያደበዝዘዋል። የደበዘዘ መጽሐፍ ካያችሁ ሌላ ጠይቁ።

ርቀቱ 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ለአንድ ገጽም 3 ሰከንድ ያህል ይበቃል። የማንበቢያ መነጽራችሁን አድርጉ፣ ባለ ቀለሙን አውልቁ። በአንድ ገጽ ብቻ የሚፈርድባችሁ ካለ እሺ አትበሉ፦ በባለ 38 ገጹ እትም ከመጀመሪያዎቹ 21 ገጾች 17ቱን በትክክል ያነበበ ጤናማ ነው የሚባለው። የመጀመሪያው ገጽ፣ 12 ቁጥር ያለበት፣ ቀለም ለማይለይም ሰው ይታያል። እሱም ካልተነበበ ችግሩ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ወይ እይታው ደክሟል፣ ወይ ጥያቄው አልገባም።

ከመንዝ አባታችሁን ይዛችሁ መጥታችሁ ቁጥር የማያነቡ ከሆነስ? መጽሐፉ ውስጥ መስመር እየተከተሉ የሚያሳዩባቸው ገጾች አሉ፣ በእነሱ ይመርመሩ። ፊደል ስላልቆጠሩ ብቻ «ቀለም አያዩም» ተብለው መመለሳቸው ያሳዝናል።

የስልክ ምርመራ ለመጠርጠር ያህል ነው። ስክሪኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም አያሳይም፣ የማታ ሞድ በርቶ ከሆነማ ጨርሶ አትቁጠሩት።

ኢሺሃራን ማለፍም ሁሉንም አይመልስም። ሰማያዊና ቢጫን አይፈትሽም። የቲቢ መድኃኒት የሆነውን ኤታምቡቶልን የሚወስድ ሰው ቀለም ከፈዘዘበት መጽሐፉን ቢያልፍም ዛሬውኑ ለሐኪሙ ይንገር፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ለየብቻ ይታዩ።

ችግሩ ምን ያህል እንደሆነም ኢሺሃራ በደንብ አይናገርም። ፋብሪካ ውስጥ ክር በቀለም እየለየ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ቁም ነገሩ እሱ ነው። ፋርንስወርዝ ዲ-15 የሚባል፣ ቀለሞችን በቅደም ተከተል የሚያስደረድር ምርመራ አለ፤ እንጀራችሁን የሚነካ ውጤት ከመጣ ወደ ዓይን ሐኪም ሪፈር አጽፉና በዚህኛው እንዲያዩአችሁ ጠይቁ።