ኤሌክትሪክ ዊልቸር ይዞ ለመጓዝ፦ ከባትሪው ቁጥር እስከ ሆቴሉ በር

እህቴ ዱባይ ወልዳ አራስ ልጠይቅ ተነሣሁ። የገንፎው ዱቄት፣ ቅቤው፣ በርበሬው በሥርዓት ተጠቅልሎ ሻንጣ ገብቷል። ቼክ ኢን ላይ ያለው ልጅ ዊልቸሬን አየት አደረገና «ባትሪው ስንት ዋት ሰዓት ነው?» አለኝ። «ኧረ ትንሽ ናት፣ ችግር የለም» አልኩት። ቁጥሩ የታተመበት ወረቀት ከባትሪው ላይ ተፍቆ ከጠፋ ቆይቷል። እሱ ደጋግሞ ጠየቀኝ፣ እኔም ደጋግሜ ችግር የለም አልኩት። በመጨረሻ እኔ ሄድኩ፣ ዊልቸሬ ቀረች። ዱባይ ላይ በትውስት የእጅ ዊልቸር አራሷ እኔን ስትገፋ ሰነበተች።

ልጁ ላይ ስንት ቀን አጉረመረምኩ። ደንቡን ሳነበው ግን ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ በጉዞ ጉዳይ «ችግር የለም» አልልም፣ ሲሉኝም አልቀበልም። ቁጥር እሰጣለሁ፣ ቁጥር እጠይቃለሁ።

1. የባትሪያችሁን ቁጥር እወቁ

አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው እዚህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

በመጀመሪያ የባትሪውን ዓይነት ለዩ። ሦስት ዓይነት አለ፦ እንደ መኪና ባትሪ አሲድ የሚንቦጫረቅበት፣ ጄል ወይም ኤጂኤም የሚባለው የማይፈስ ደረቅ ባትሪ፣ እና ሊቲየም። ከባድና የማይታጠፉት ዊልቸሮች ብዙ ጊዜ ደረቁን ይዘው ይመጣሉ። ቀለል ያሉትና የሚታጠፉት ሊቲየም ናቸው። ፈሳሽ አሲድ ያለው ባትሪ ቀጥ ብሎ ካልቆመ ስለሚፈስ ጣጣው ብዙ ነው። ገና ዊልቸር ልትገዙ ከሆነ እሱን እርሱት። ደረቁ ወንበሩ ላይ በደንብ ታስሮ፣ ሞተሩ በድንገት እንዳይነሣ ተደርጎ፣ ጫፎቹ ተሸፍነው ከወንበሩ ጋር ይጫናል።

ሊቲየም ከሆነ ስሌት አለው። ባትሪው ላይ ቮልትና አምፔር ሰዓት ተጽፏል፤ ሁለቱን አባዙ። የእኔ 24 ቮልት፣ 10 አምፔር ሰዓት ነው፤ 240 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ከወንበሩ የሚነቀል አንድ ባትሪ ከ300 ዋት ሰዓት መብለጥ የለበትም። ዊልቸሩ ሁለት ባትሪ የሚወስድ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ከ160 አይለፍ። መለዋወጫ መያዝ ከፈለጋችሁ እስከ 300 የሆነ አንድ ወይም እስከ 160 የሆኑ ሁለት ይፈቀዳል። የማይነቀል ከሆነ ወንበሩ ላይ እንደተገጠመ ይሄዳል። ያም ሆነ ይህ አየር መንገዱ ቀድሞ አውቆ መፍቀድ አለበት።

የተነቀለው ባትሪ የት ይሄዳል? ከእናንተ ጋር፣ ካቢን ውስጥ። ሻንጣ ውስጥ ጭራሽ አታስገቡት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሊቲየም ባትሪ ከጋለና ከተቀጣጠለ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ማንም አያየውም፣ ካቢን ውስጥ ግን አስተናጋጆቹ ወዲያው ይደርሱበታል። የብረት ጫፎቹን ኤሌክትሪሺያኖች በሚጠቀሙበት ናስትሮ ሸፍኑና ባትሪውን ለብቻው ቦርሳ ውስጥ ክተቱት።

ወረቀቱ እንደ እኔ ተፍቆባችሁ ከሆነ በፓርከር ጽፎ መለጠፍ አይሠራም። ሞክሬዋለሁ፣ ሳቁብኝ። ከዊልቸሩ ጋር የመጣውን መመሪያ ፈልጉ፤ ከሌለ የሞዴሉን ስም ይዛችሁ ከአምራቹ ድረ ገጽ ገጹን አትሙት። አሁን ያልተፋቀ ጽሑፍ ያለው ባትሪ ካላችሁ ዛሬውኑ ፎቶ አንሡት፣ በላዩም ላይ ግልጽ ስኮች ለጥፉበት።

እቤት ቁጭ ብላችሁ ባትሪውን መንቀልና መመለስ አምስት ስድስት ጊዜ ተለማመዱ። ፍተሻ ላይ ከኋላ ሰው ተሰልፎ «ቶሎ በሉ» ሲባል እጅ ይሳሰራል።

2. ለአየር መንገዱ ንገሩ

ትኬት ስትቆርጡ፣ ቢዘገይ ከበረራው 48 ሰዓት በፊት። ይህ 48 ሰዓት በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1107/2006 ላይም የሰፈረ ነው፤ ሌላም ቦታ የለመዱት ይህንኑ ነው።

«ዊልቸር ያስፈልገኛል» ብቻ ማለት አይበቃም። በአየር መንገዶች ቋንቋ ሦስት ደረጃ አለ፣ የሚለያዩትም በመጨረሻዋ ፊደል ነው። ደብሊው-ሲ-ኤች-አር ደረጃ መውጣት ለሚችል ግን ሩቅ መሄድ ለማይችል ሰው ነው። በኤስ የሚያልቀው ደረጃ መውጣት ለማይችል፣ ካቢን ውስጥ ግን ለሚራመድ ነው። በሲ የሚያልቀው እስከ አውሮፕላኑ መቀመጫ ድረስ ለሚወሰድ ነው። ለትሕትና ብላችሁ ዝቅ ያለውን አታስሞሉ። እናቴ ጉልበቷን እያመማት «ምን አስቸገርኳቸው» ብላ በአር አስሞልታ የአውሮፕላኑን ደረጃ በእንባ ወጥታዋለች።

ሁለተኛ የምትሰጡት ቁጥር የዊልቸሩ ቁመት፣ ወርድና ክብደት ነው፤ ታጥፎና ሳይታጠፍ። የቦይንግ 737 ዕቃ መጫኛ በር ከፍታው 90 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። መደገፊያው የማይታጠፍ ዊልቸር ቀጥ ብሎ አይገባበትም፤ በጎኑ ካስተኙት ደግሞ የሚሰበር ነገር አይጠፋም። ስለዚህ በየትኛው አውሮፕላን እንደምትሄዱ ጠይቁ። መልሱ «ችግር የለም» ከሆነ ስልኩን አትዝጉ።

3. የበረራው ቀን

በራሳችሁ ዊልቸር እስከ ጌቱ ድረስ እንድትሄዱ ጠይቁ። አንዳንዱ ሠራተኛ ገና መግቢያው ላይ ሊቀበላችሁ ይፈልጋል፤ አትስጡ። የአየር ማረፊያው ዊልቸር ለአጭር መንገድ እንጂ ለአራት ሰዓት ጥበቃ የተሠራ አይደለም፣ ወገብ ይገላል።

ጌቱ ላይ ስታስረክቡ ሊነቀል የሚችለውን ሁሉ ንቀሉ፦ መቀመጫ ትራሱን፣ እግር ማሳረፊያውን፣ ከሁሉም በላይ ወንበሩ የሚነዳበትን ጆይስቲክ። አንድ ትራንዚት ላይ ጆይስቲኬ ወንበሩ ላይ እንዳለ ተጫነ። ሲመለስ እንደ ተቀነጠሰ የበቆሎ እሸት በሽቦው ተንጠልጥሎ ነበር። ማንሻ እጀታ መስሏቸው ነው መሰለኝ። የማይነቀል ከሆነ በስፖንጅ ጠቅልላችሁ እሰሩት።

ወንበሩ ላይ አንድ ወረቀት አንጠልጥሉ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ከሥዕል ጋር። ሦስት ነገር ብቻ ይበቃል፦ ከየት ተይዞ እንደሚነሣ፣ ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀው ማንሻ የት እንዳለ፣ ባትሪው መነቀሉን። ማንሻው ካልተለቀቀ ጎማው አይሽከረከርም፤ እነሱም ይጎትቱታል፣ ሞተሩም ይጎዳል።

ስትደርሱ ዊልቸራችሁ ሻንጣ መቀበያው ሳይሆን አውሮፕላኑ በር ላይ እንዲመጣላችሁ ቀድማችሁ አስመዝግቡ። የተሰበረ ነገር ካለ እዚያው ፎቶ አንሥታችሁ ከአየር ማረፊያው ሳትወጡ በጽሑፍ አስመዝግቡ።

4. ሆቴሉን በሜትር ጠይቁ

«ዊልቸር ይገባል?» የሚል ጥያቄ ከንቱ ነው፤ ሁሉም «ይገባል» ይላችኋል። የሚዋሹም አይመስለኝም፣ ተሸክሞ ማስገባትን እንደ መግባት ስለሚቆጥሩት ነው። አንድ ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል «ሊፍት አለን» ብሎኝ ሄድኩ። ሊፍቱ አለ፣ ግን አራት ደረጃ ከወጡ በኋላ።

አሁን የማደርገው ይኸው ነው። ሪሴፕሽን እደውላለሁ፣ ሜትር የሚይዝ ሰው እንዲገኝልኝ በትሕትና እለምናለሁ፣ ከዚያ በቴሌግራም ቪዲዮ ከግቢው በር እስከ ሻወሩ ድረስ አብረን እንሄዳለን። መንገድ ላይ ያለችው እያንዳንዷ ደረጃ ትቆጠራለች። የሊፍቱ በር፣ የክፍሉ በር፣ የመታጠቢያው በር ይለካል፤ ክፈፉ ሳይሆን በሩ ተከፍቶ የሚቀረው ክፍተት። መታጠቢያው ላይ ነው ጉዱ፦ «70 ነው» የተባልኩት በር በሩ ራሱ የሚይዘው ሲቀነስ 62 ሆኖ አገኘሁት። የእኔ ዊልቸር 61 ናት፣ ጣቶቼን ሰብስቤ ገባሁ። የአልጋውን ከፍታም አስለኩ፣ ከመቀመጫችሁ ጋር ከተቀራረበ መሻገር ይቀላል።

ራምፕ አለን ካሉ ርዝመቱን ጠይቁ። ደህና የሚባለው ለ1 ከፍታ 12 ርዝመት ነው፤ 15 ሴንቲ ሜትር ላላት አንዲት ደረጃ 1 ሜትር ከ80 ማለት ነው። ብዙ ቦታ ያየሁት ለሞተር ሳይክል መግቢያ የተጣለ ጣውላ ነው። የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከወጣበት ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው በሕግ ተጽፏል። ስልክ ላይ አዋጅ መጥቀስ ግን ሰው ያስኮርፋል፤ ሜትሩን የሚይዘውን ልጅ ወዳጅ ማድረግ የበለጠ ሠርቶልኛል።

5. መብራት

ከአሜሪካ የምትመጡ ቻርጀራችሁ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መኖሩን እዩ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ እኛ ጋ ያለው 220 ያቃጥለዋል፤ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ አያድነውም።

ጀነሬተር አላችሁ ወይ ብላችሁም አትጠይቁ፣ አለን ነው መልሱ። አልጋው አጠገብ ያለው ሶኬት መብራት ሲሄድ ይሠራል ወይ በሉ። ይህን ሳልጠይቅ በገባሁበት አንድ ሆቴል ጀነሬተሩ ሪሴፕሽኑንና ኮሪደሩን ብቻ ነበር የሚያበራው። ባትሪዬ ግማሽ ላይ ነበረች፣ በማግሥቱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ መንገድ አለብኝ። ነቅዬ ለዘበኛው ሰጠኋቸው፣ ሪሴፕሽኑ ጠረጴዛ ሥር በዲቫይደር ሰኩልኝ። ሌሊት ደጋግመው ሲያዩዋት አድረው ኖሮ፣ ሊነጋ ሲል በሬን ቆረቆሩ። «ልጄ፣ አረንጓዴዋ ከበራች ቆየች፤ ልንቀላት ወይስ ትጨምር?»