የደረቀ ዳቦ እንዴት ሚጋስ ይሆናል

ስፔናውያን ከደረቀ ዳቦ የሚሠሩት ሚጋስ የሚባል ምግብ አላቸው። ቃሉ ፍርፋሪ ማለት ነው፤ ፍርፍር በልቶ ያደገ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። የእኛ ፍርፍር ግን እንጀራው ወጡን ጠጥቶ እንዲርስ ሲሠራ፣ ሚጋስ ውጩ ኩርሽም እስኪል፣ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ እስኪቀር በዘይት ይታመሳል።

ምግቡ የእረኞች ነው። ከ1273 እስከ 1836 እ.ኤ.አ. ሜስታ የተባለው የስፔን በግ አርቢዎች ማኅበር በቆየባቸው ዘመናት፣ እረኞች ሙቀቱ ሲበረታ ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ብርዱ ሲመጣ በደቡብ ምዕራብ ወዳሉት የኤክስትሬማዱራ ሜዳዎች መንጋ ይነዱ ነበር። መንገዱ ሳምንታት ይወስዳል፤ ዳቦው ይደርቃል፤ የሚጣል ነገር ግን የለም። እኔን ሚጋስ ያስተማሩኝ ማድሪድ ውስጥ ጎረቤቴ የነበሩ፣ በዚያው በኤክስትሬማዱራ የምትገኘው የካሴሬስ ተወላጅ የሆኑ አንዲት አዛውንት ናቸው።

ለአራት ሰው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ያደረ ግማሽ ኪሎ ዳቦ፣ ስምንት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 100 ሚሊ ሊትር የወይራ ዘይት፣ ሁለት የማያቃጥል ቃሪያ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ፒመንቶን የተባለው ቀይ የስፔን በርበሬ እና አንድ ዘለላ ወይን ያዘጋጁ። ስፔናውያን አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋና ቾሪሶ የተባለውን ቋሊማ ይጨምሩበታል። እኔ አልጨምርም፤ ያለ ሥጋ የሚሠሩትም ብዙ ናቸው። ዳቦው ወተትና እንቁላል ከሌለው ለጾም ይሆናል።

ዳቦው ጠጠር ያለና ውስጡ የታመቀ ይሁን። በፕላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠው፣ ስኳር ያለው የተቆራረጠ ዳቦ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ውሃ ሲነካው ይላቁጣል። በቢላዋ ወይም በእጅ የሽምብራ ፍሬ እያሳከሉ ይቁረጡት። በማሽን አይፍጩት። ዱቄት የሆነ ዳቦ ሚጋስ አይሆንም።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ፤ ዳቦውን ማርጠብ። ይህ የሚደረገው ከመሠራቱ በፊት ባለው ማታ ነው። ጨውን በ150 ሚሊ ሊትር ውሃ ያሟሙ። ዳቦውን በሰፊ ትሪ ላይ ዘርግተው፣ ልብስ ለመተኮስ ውሃ እንደሚረጩት ሁሉ በጣትዎ ጫፍ ይርጩት። ረጨት አድርገው በሁለት እጅ ያገላብጡ፤ እንደገና ረጨት፣ እንደገና ማገላበጥ። ውሃው ሁሉ ማለቅ የለበትም፤ መጠኑን የሚወስነው የዳቦው ድርቀት ነው። ጥቂቱን በጡጫዎ ጨበጥ አድርገው ይልቀቁት። ተያይዞ ቆይቶ በጣት ሲነኩት ከተፈረፈረ በቂ ነው። በጣቶችዎ መካከል ውሃ ብቅ ካለ አልፏል፤ ያን ጊዜ ደረቅ ዳቦ ይጨምሩበት።

ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ያሳድሩት። የሌሊቱ ሥራ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ግን እርጥበቱ ከላይኛው ገጽ ወደ ውስጥ የሚገባው፣ ጨውም ለእያንዳንዱ ፍርፋሪ እኩል የሚደርሰው በዚህ ጊዜ ነው።

እኔ አንድ እሑድ እንግዳ ጠርቼ ማታውን ማርጠብ ረሳሁ። ጠዋት ቸኩዬ ዳቦውን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ነክሬ ጨመቅሁት። መጥበሻው ላይ ሲወርድ ገንፎ ሆነ። አደርቀዋለሁ ብዬ እሳቱን ከፍ ሳደርግ ታቹ ከሰለ፣ መሐሉ እንደ ሙጫ ቀረ። ግማሽ ኪሎ ዳቦና ያ ሁሉ የወይራ ዘይት ተጣለ፤ እንግዶቼንም ቁርስ ሳላበላ አስረፈድኳቸው። ጎረቤቴ ሲሰሙ «ዳቦው ይረጥባል እንጂ ውሃ አይጠጣም» አሉኝ። ማታ ካላረጠቡት ጠዋት ሌላ ምግብ ይሥሩ።

ለማመስ ሰፊና ከባድ የብረት መጥበሻ እመርጣለሁ፤ ስሱ መጥበሻ መሐሉን ያሳርራል። ነጭ ሽንኩርቱን ሳይልጡ በቢላዋ ጎን ደቆስ አድርገው በዘይቱ በቀስታ ይጥበሱ፤ ልጣጩ እንዳያር ይጠብቀዋል። ወርቃማ ሲሆን አውጥተው ቃሪያውን ይጥበሱና እሱንም ያውጡ።

 በካሴሬስ ግዛት «ላ ቬራ» በተባለው አካባቢ የሚመረተው ፒመንቶን በባሉጥ እንጨት ጭስ ስለሚደርቅ ለምግቡ የእረኛ እሳት ጠረን ይሰጠዋል። በእኛ በርበሬ አይተኩት፤ ኮረሪማውና ቅመሙ ሌላ ምግብ ያደርገዋል። መጥበሻውን ከእሳት አውርደው ፒመንቶኑን ይጨምሩ፣ አንድ ጊዜ አማስለው ወዲያው ዳቦውን ይድፉበት። እሳት ላይ እያለ ከተጨመረ በቅጽበት አርሮ ይመርራል።

መጥበሻውን መልሰው በመካከለኛ እሳት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሳያቋርጡ ያምሱ። በእንጨት ማማሰያ ከታች እያነሡ ይገልብጡ፤ የተያያዘውን በማማሰያው ጠርዝ ይበትኑ። መጀመሪያ ዳቦው ከባድና ድምፅ አልባ ነው፤ ማማሰያው ላይ ይለጠፋል። ቆይቶ እየቀለለ ይሄዳል፤ በመጨረሻም እንደሚታመስ ገብስ መጥበሻው ላይ ይንሿሿል። ይህ ድምፅ ሲሰማ ደርሷል። ነጭ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን መልሰው ይቀላቅሉ።

ትኩሱን ከነመጥበሻው ያቅርቡትና ወይኑን ከጎኑ ያድርጉ። የቅባቱን ክብደት የሚያቀልለው የወይኑ ቀዝቃዛ ጭማቂ ስለሆነ አይተውት። «ላ ማንቻ» በተባለው የስፔን ክፍል ሰዎች መጥበሻውን ከበው ቆመው ይበላሉ፤ እያንዳንዱ አንድ ማንኪያ ያነሣና ለሌላው ቦታ ለመልቀቅ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ከተረፈ በማግስቱ አሙቀው በወተት ቡና ይብሉት፤ በኤክስትሬማዱራ ቁርሳቸው ነው።