የቆርቆሮ ወተት የሚጠባ ሕፃን ሲያስመልስ፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ባሕር ዳር ውስጥ በነርስነት በምሠራበት ጤና ጣቢያ፣ ሕፃኗ የቆርቆሮ ወተት እየጠባ የሚያስመልስባት እናት ብዙ ጊዜ ወደ እኛ የምትመጣው ቆርቆሮውን አንዴ ወይም ሁለቴ ከቀየረች በኋላ ነው። ጎረቤት «ያኛው አልተስማማውም፣ ይኸኛው ይሻለዋል» ይላታል፣ ከፋርማሲ ሌላ ትገዛለች፣ ገንዘቧ ያልቃል፣ ትውከቱ ግን እንዳለ ነው። ወተት መቀየር በመጀመሪያ ሳይሆን በመጨረሻ የሚደረግ ነገር ነው ብዬ የማምነው፣ ችግሩን በአብዛኛው ያገኘሁት ቆርቆሮው ውስጥ ሳይሆን በመጠኑ፣ በአበጣበጡና በአጠባቡ ላይ ስለሆነ ነው። ስለዚህ የወጣውን ነገር ቀለም፣ ቀጥሎ አወጣጡን፣ ከዚያም ወተቱ እንዴት እንደተዘጋጀ በቅደም ተከተል መመርመር ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ጨርቁን እዩ

ሕፃኑ ያስመለሰበትን ጨርቅ ብርሃን ላይ አውጥታችሁ እዩት። ነጭ ወይም እርጎ የመሰለ ከሆነ ተረጋግታችሁ መንስኤውን ለመፈለግ ጊዜ አላችሁ። የጎመን ቅቅል ውኃ የመሰለ አረንጓዴ ከሆነ ግን ሐሞት ነው፤ ይህም አንጀት መጠምዘዙን ወይም መዘጋቱን ሊያመለክት ስለሚችልና የተጠመዘዘ አንጀት በሰዓታት ውስጥ ደም አጥቶ ሊሞት ስለሚችል፣ ሌሊትም ቢሆን ወተት ሳይሰጠው የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ወደሚገኝበት ሆስፒታል መወሰድ አለበት። በከተማችን ለዚህ የሚኬደው ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ነው። ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ካለበትም እንዲሁ ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት።

ያቀረሻል፣ ግን ይስቃል፣ ክብደቱም ይጨምራል

ከጠባ በኋላ በአፉ ጥግ ጥቂት ወተት ቢፈስ ወይም ሲያገሳ እርጎ የመሰለ ነገር አብሮ ቢወጣ፣ ይህ ቅርሻት እንጂ ትውከት አይደለም። በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መካከል ያለው ጡንቻ በሕፃናት ላይ ገና ስላልጠነከረ የሞላ ጨጓራ ወደ ላይ ይመልሳል። ሁኔታው 4 ወር አካባቢ ይብስና አብዛኞቹን ሕፃናት ዓመት ሲሞላቸው ይተዋቸዋል። እዚህ ላይ የሚፈርደው ሚዛን ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም የሚጨምር ሕፃን መድኃኒት አያስፈልገውም።

ጡጦውን እንደጨረሰ ብዙ ይመልሳል

በእያንዳንዱ ጡጦ ማብቂያ ላይ ብዙ የሚያወጣና ሆዱ ነፋ የሚል ሕፃን ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ስንት ሚሊ ሊትር በስንት ሰዓቱ ይጠባል የሚል ነው። ጡት የሚጠባ ልጅ ሲበቃው ይለቃል፤ ጡጦ ግን ራሱ እየፈሰሰ ስለሚመጣ ባይርበውም ይውጠዋል፣ ባለቀሰ ቁጥርም ርቦት ነው ተብሎ ይሰጠዋል። እስከ 6 ወር ላለ ሕፃን የተለመደው ልክ በአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በዚህ ስሌት 4 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በ24 ሰዓት 600 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃዋል፤ ለ7 ጊዜ ሲካፈል እያንዳንዱ ጡጦ ወደ 85 ሚሊ ሊትር ይመጣል። ለዚህ ልጅ 180 ሚሊ ሊትር ተሰጥቶት ግማሹን ቢመልስ ጨጓራው የማይችለውን መለሰ እንጂ አልታመመም። መጠኑን ቀንሱና ጊዜውን አቀራርቡ፤ አፉን ሲዘጋ ወይም ፊቱን ሲያዞር ደግሞ የተረፈው እንዳይባክን ብላችሁ አትግፉበት።

ቀጥሎ የጡጦውን ጫፍ ተመልከቱ። ጡጦው ሲገለበጥ ወተቱ በሰከንድ አንድ ጠብታ ያህል እየነጠበ መውረድ አለበት። አንዲት እናት ያቀበለችኝን ጡጦ ስገለብጠው ግን ወተቱ እንደ ቧንቧ ውኃ ወረደ፤ ቀዳዳው ቶሎ እንዲጠባ ተብሎ በጋለ መርፌ ሰፍቶ ነበር፤ ልጁም በጠባ ቁጥር እየተናነቀ ከወተቱ ጋር አየር ይውጥ ነበር። በጊዜ ብዛት የተሰነጠቀ ወይም የሰፋ ጫፍ ይጣላል፤ ለዕድሜው የሚሆን አዲስ ጫፍ ዋጋው ከአዲስ ቆርቆሮ ወተት ጋር አይወዳደርም።

ሲጠባ ራሱ ከሆዱ ከፍ ብሎ፣ የጡጦው ጫፍ ሁልጊዜ በወተት ተሞልቶ ይያዝ፤ መሐል ላይና ሲጨርስም በትከሻ ተደርጎ ያግሳ። ከዚያም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀና አድርጋችሁ ያዙት። በእኛ ዘንድ እናት ልጇን አብልታ ወዲያው አዝላ ወደ ሥራዋ ትነሣለችና፣ አንቀልባው የሞላ ሆድ ላይ ሲጠብቅ ወተቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ማዘሉ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ጥሩ ነው። ሲተኛ ግን ያስመልሳል ብላችሁ በሆዱ አታስተኙት። በሆድ መተኛት በእንቅልፍ ላይ የሚከሰት ድንገተኛ ሞትን አደጋ ይጨምራል፤ ጤናማ ሕፃን በጀርባው ተኝቶ ቢያቀረሽ አይታነቅም።

ወተቱ ከልኩ ወፍሯል ወይም ተበላሽቷል

ስለ አዘገጃጀቱ በቃል ብቻ ስጠይቅ ሁሉም ትክክል ነው ይሉኛል። ስለዚህ የሚያዘጋጀውን ሰው እዚያው ፊቴ እንዲበጠብጥ እጠይቃለሁ። አንድ ጊዜ የ2 ወር የልጅ ልጃቸውን ይዘው የመጡ እናት፣ «እማማ፣ ቤት እንደሚያደርጉት አድርገው ያሳዩኝ» ስላቸው ማንኪያውን ከቆርቆሮው አውጥተው ዱቄቱን እንደ ጤፍ ቁና ከምረው ጨመሩት፣ ከዚያም «ይጥገብልኝ ብዬ ነው፣ ልጄ» ብለው ግማሽ ማንኪያ ደገሙበት። ከልክ በላይ የወፈረ ወተት ሆድ ያውካል፣ ያደርቃል፣ የሰውነትን ውኃ ያዛባል። ማንኪያው ሳይጨቆን ተሞልቶ በንጹሕ ቢላዋ ጀርባ ይጠረጋል፤ ቁጥሩ ቆርቆሮው ላይ እንደተጻፈው ይሆናል፤ የአንዱ ቆርቆሮ ማንኪያ ለሌላው አያገለግልም፤ ውኃው ሁልጊዜ ከዱቄቱ በፊት ይለካል። ለማብቃቃት ሲባል ማቅጠንም እኩል ጎጂ ነው፤ ልጁ ክብደት አይጨምርም፣ እስከ ማንቀጥቀጥም ሊያደርሰው ይችላል።

ዱቄቱ ከፋብሪካ ሲወጣም ፈጽሞ ከተሕዋስያን የጸዳ ስላልሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውኃ እንዲበጠበጥ ይመክራል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ውኃው በደንብ ተንተክትኮ ሲወርድ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳይቆይ መበጥበጥ አለበት፤ ማታ በፔርሙስ የተቀመጠ ውኃ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ለብ ያለ ብቻ ነውና ለዚህ አይሆንም። ከተበጠበጠ በኋላ ጡጦውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክሮ ማብረድና በእጅ አንጓ ላይ አንጠባጥቦ መሞከር ነው። ውኃው በጀሪካን የተቀዳ ከሆነ ጀሪካኑ ይታጠብ፣ ይከደን። የሐይቅና የጉድጓድ ውኃን ለሕፃን ወተት አትጠቀሙ፤ ማፍላት ጀርሙን ቢገድልም ከማዳበሪያ የሚመጣ ናይትሬትንና የአልጌ መርዝን አያስወግድም።

የተዘጋጀ ወተት ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ልጁ አፉን ያሳረፈበት ትራፊም ይደፋል። በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው የባሕር ዳር ሙቀት፣ መብራት በጠፋ ጊዜ፣ «ገና አሁን ነው የበጠበጥኩት» የተባለ ጡጦ ሲሸት አግኝቻለሁ። ሌላው ከሱቅ የሚገዛው ተራ የዱቄት ወተት ነው፤ ከሕፃናት ወተት ጎን ተደርድሮ ስለሚሸጥ ያሳስታል፣ ነገር ግን ከዓመት በታች ላለ ልጅ ጨጓራም ኩላሊትም አይሆንም።

«እንጥሉ ወርዷል» ሲባል

በዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ሕፃን ሲያስመልስ እንጥል ማስቆረጥ በአካባቢያችን ዛሬም አለ። ነጠላ ሙሉ ደም ይዛ የመጣች እናት ተቀብያለሁ፤ ልጇ ከመቆረጡም በፊት በኋላም ያስመልስ የነበረው ወተቱ ስለወፈረ ነበር። እንጥል ከማስመለስ ጋር ግንኙነት የለውም፤ መቁረጡ ግን ብዙ ደም ያፈሳል፣ ጉሮሮ ያመረቅዛል፣ መንጋጋ ቆልፍን ያመጣል። ቅቤና የአብሽ ውኃ ማዋጥም ትውከቱን አያቆምም፤ ማር ደግሞ ዓመት ላልሞላው ልጅ ገዳይ የሆነ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል። ለአያቶች ይህን ስናስረዳ ፍቅራቸውን አክብረን መሆን አለበት፤ ለልጁ ከእኛ ያላነሰ ነው የሚያዝኑት።

ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ ከዚያም ይርበዋል

ብዙውን ጊዜ ከ3ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ባለው ዕድሜ፣ በወንዶች ላይ ይበልጥ የሚታይ፣ ነጭ ወተት ከአፉ ራቅ ብሎ እስኪያርፍ ተስፈንጥሮ የሚወጣበትና ልጁ ወዲያው እንደገና ለመጥባት የሚያለቅስበት ትውከት የጨጓራ መውጫ ጡንቻ መወፈርን ያመለክታል። በቤት ውስጥ መፍትሔ የለውም። በአልትራሳውንድ ይታወቃል፣ ልጁ መጀመሪያ በጉሉኮስና በጨው ፈሳሽ ከተስተካከለ በኋላ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይድናል።

ትኩሳት ወይም ተቅማጥ አብሮ አለ

ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃን ሙቀቱ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ በቤት አይጠበቅም፤ የደም፣ የሽንት ቧንቧ ወይም የማጅራት ገትር ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። በጣና ዙሪያ ወባ ስላለ ትኩሳት ያለበት ሕፃን ሁሉ ደሙ ለወባ ይመርመር። ተቅማጥ ካለ ወተቱን ሳታቀጥኑ በልኩ መስጠት እየቀጠላችሁ፣ ኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ውኃና ጨው የሚተካ ዱቄት) በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውኃ መጠን በጥብጣችሁ በሻይ ማንኪያ ቀስ በቀስ ስጡት፤ ካስመለሰ 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ዝግ ብላችሁ ቀጥሉ። የሮታ ቫይረስ ክትባት በአገራችን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት በነጻ ይሰጣል፤ ካመለጠው ጠይቁ።

ወተቱን መቀየር የሚያስፈልገው መቼ ነው

ከላይ ያለው ሁሉ ተስተካክሎ ትውከቱ ከቀጠለ፣ በተጨማሪም ሰገራው ደም ወይም ንፍጥ ካለበት፣ ቆዳው በሽፍታ ከተሸፈነ፣ ክብደቱም ካልጨመረ፣ የላም ወተት ፕሮቲን አልተስማማው ይሆናል። ያኔ የሚታዘዘው ፕሮቲኑ የተፈጨ ልዩ ወተት ነው፤ ከአንዱ ተራ ቆርቆሮ ወደ ሌላው መዝለልም ሆነ የፍየል ወተት አይጠቅምም። እናቲቱ ጥቂትም ቢሆን ጡቷ ወተት ካለው ልጁን ደጋግማ ታስጠባው።

ወደ ሕክምና ሲሄዱ

እርግብግቢቱ ከጎደጎደ ወይም ካበጠ፣ 6 ሰዓት ሙሉ ካልሸና፣ ለመጥባት ከደከመ ወይም ሆዱ ከተወጠረ አትዘግዩ። ከዘጌ ወይም ከደቅ የሚመጣ ቤተሰብ የጀልባውን ሰዓት ማሰብ ስላለበት፣ ምልክቱ ሲጀምር እንጂ ልጁ ሲዝል መነሣት የለበትም። ስትመጡ ቆርቆሮውን ከነማንኪያው፣ ጡጦውን ሳታጥቡ፣ ያስመለሰበትንም ጨርቅ በፌስታል አድርጋችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የጠባበትንና ያስመለሰበትን ሰዓትም በወረቀት ጻፉልን።