ወፎች ከመስኮት መስታወት ጋር እንዳይላተሙ ያደረግኩት

ባሕር ዳር ያለው ቤታችን መስኮቱ አንጸባራቂ መስታወት ነው። ፊት ለፊቱ የማንጎ ዛፍ አለ። ወፎች እየበረሩ መጥተው ይላተሙበታል፤ አንዳንዶቹ እዚያው ይሞታሉ። በጣም ያሳዝናል።

መጀመሪያ መጋረጃውን ዘጋሁ። ለውጥ የለም፤ ከውጭ የሚታያቸው የዛፉና የሰማዩ ነጸብራቅ ነዋ! ቀጥሎ መሀል ላይ ትልቅ የጭልፊት ምስል ለጠፍኩ። እሱን ሸሽተው ጎኑ ላይ ይጋጫሉ።

የሠራልኝ ይሄ ነው፦ በነጭ ዘይት ቀለምና በቀጭን ብሩሽ መስታወቱን በውጭ በኩል ሙሉውን ነጠብጣብ አደረግኩት። በነጥቦቹ መካከል ወደ ጎንም ወደ ታችም 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ክፍተቱ ከሰፋ ትናንሾቹ ወፎች ሊያልፉበት ይሞክራሉ። ከውስጥ አትቀቡት፤ ነጸብራቁ ይሸፍነዋል። ከዚያ ወዲህ የተላተመ ወፍ አላየሁም። ቀለም ከሌላችሁ ደረቅ ሳሙናም ይሆናል፤ ክረምት ላይ ግን ዝናቡ ስለሚያጥበው ደጋግማችሁ ቀቡት።