ከ18ኛ ልደቱ ወደ ኋላ ቁጠሩ

ልጄ ስካውት (ልጆች ካምፕ እየወጡና ሙያ እየተማሩ በማዕረግ የሚያድጉበት ማኅበር) የገባው አንደኛ ክፍል ሳለ ነው፤ የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ያን ጊዜ ሥራው ቀላል ነበር፤ ከእንጨት የተሠራች ትንሽ መኪና ቀለም ቀብቶ ማሽቀዳደም ብቻ። ጭንቁ የመጣው 12 ዓመት ሲሞላው ነው። ሰኞና ሐሙስ የኳስ ልምምድ፣ ማክሰኞ ስካውት፣ ቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት፣ እሑድ ቅዳሴ። አንድ ማታ መኪና ውስጥ የስካውት ሸሚዙን ሲለብስ፣ አንድ እጁን እጅጌው ውስጥ እንዳስገባ እንቅልፍ ጣለው። ቀይ መብራት ላይ ቆሜ በመስታወቱ አየሁት። ሁሉም ቦታ ያስመዘገብኩት እኔው ነበርኩ።

ያን ሌሊት ወረቀት ይዤ መቁጠር ጀመርኩ። እናንተም ከዚህ ጀምሩ። ኢግል የሚባለው የመጨረሻው ማዕረግ መስፈርቱ ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው መጠናቀቅ አለበት። ከእሱ በፊት ፈርስት ክላስ፣ ስታርና ላይፍ የሚባሉ ማዕረጎች አሉ፤ ከፈርስት ክላስ ወደ ስታር ቢያንስ 4 ወር፣ ከስታር ወደ ላይፍ 6፣ ከላይፍ ወደ ኢግል ሌላ 6፤ ድምሩ 16 ወር። ስለዚህ የ12 ዓመት ልጅ ለአንድ የኳስ ወቅት ከስካውት ቢቀር ምንም አይጎድልበትም። የ16 ዓመት ልጅ ግን ገና ፈርስት ክላስ ካልደረሰ መጣደፍ አለበት። እኔ ፈርስት ክላስን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በፊት እንዲጨርስ እመክራለሁ።

ለኢግል ከሚፈለጉት 21 ባጆች (ልጁ አንድ ሙያ ተምሮ ሲጨርስ የሚያገኛቸው ምልክቶች) መካከል በጥድፊያ የማይሠሩ አሉ። የአካል ብቃቱ የ12 ሳምንት ልምምድ፣ የገንዘብ አያያዙ የ13 ሳምንት የገቢና የወጪ መዝገብ፣ የቤተሰቡ ደግሞ የ90 ቀን የቤት ሥራ ይጠይቃል። የአካል ብቃቱን ከኳስ ወቅት ጋር አጋጥሙት፤ መሮጡ አይቀርም። የ90 ቀኑን እኛ ክረምት ላይ አደረግነው። ከተመደቡለት ሥራዎች አንዱ የቡና ሲኒ ማጠብ ነበር፤ ማቀዝቀዣው ላይ በለጠፈው ወረቀት ምልክት ያደርጋል። ሁለት ሲኒ ተሰብሮብናል፤ ይሁን።

ለማዕረጎቹ የሚጠየቀውን የቡድን ኃላፊነት ሲወስድም ቀለል ያለውን ይምረጥ፤ የቡድኑን መጻሕፍት መያዝም ይቆጠራል። መቅረት ሲፈልግ ለመሪው የሚናገረው ራሱ ልጁ ይሁን። እኔ ስደውል የነበረው ስህተት ነበር፤ መሪው በትሕትና መልሶ ወደ ልጄ መራኝ።

ካምፕ ብዙውን ጊዜ ከዓርብ ማታ እስከ እሑድ ስለሆነ ቅዳሴ ያስቀራል። በዐቢይ ጾም አይሄድም፤ በሌላው ጊዜ በሁለት ወር አንዴ ይበቃናል። የዓርብ ጾምን በተመለከተ አትጨነቁ፤ የሚበሉትን የሚያቅዱት ልጆቹ ናቸው። የእኔው ምስር በበርበሬ አብስሎላቸው፣ በሚቀጥለው ካምፕ በርበሬውን እንዳይረሳ አሳስበውታል።

አሁን 15 ዓመቱ ነው፤ ላይፍ ደርሷል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ኳስን መርጧል። የስካውት ሸሚዙ ታጥቦ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል፤ ሰኔ ላይ ይወርዳል።