ባሕር ዳርን በሁለት ቀን፦ ጉዞን ከውኃው ጀምሮ ማቀድ

ከደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣ ወይም ከቡሬ ተነሥቶ ባሕር ዳር ላይ ሁለት ቀን ለማሳለፍ ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሆቴሉ ነው። የት እንደሚያድር ይወስናል፣ ዓሳ የት እንደሚጥም ይጠይቃል፣ ጣናን ግን "እሱ የትም አይሄድም" ብሎ ለመጨረሻው ከሰዓት በኋላ ያቆየዋል። እውነት ነው፣ ሐይቁ የትም አይሄድም። ነፋሱ ግን ይመጣል። እኔ ቤተሰቤን ይዤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩ ዕለት ወደብ የደረስነው ከቀኑ 9 ሰዓት ነበር። ውኃው ነጭ አረፋ እየደፈቀ፣ ጀልባው ሽቅብ ቁልቁል እየተወረወረ፣ ትንሿ ልጄ አንገቴን አንቃ እያለቀሰች መንገድ ሳናጋምስ ተመለስን። ከዚያ ወዲህ ዕቅዴን የምጀምረው ከውኃው ነው፤ ሆቴሉም ዓሳውም በዚያ ዙሪያ ቦታቸውን ያገኛሉ።

ወቅቱን ይምረጡ

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ የሚወዳደረው የለም። ክረምቱ አልፏል፣ ሐይቁ ሞልቷል፣ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ጉልበቱ አልደከመም፣ የሜጫ ሜዳም በአደይ አበባ ቢጫ ለብሷል። ይህ ወቅት አንድ እንከን አለው፤ ዝናቡ እንዳቆመ የወባ ትንኝ የምትበረታው ያኔ ነው። ከደጋ የሚመጡ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከደብረ ማርቆስ ወይም ከእንጅባራ፣ አጎበር ያለው መኝታ ቤት ይጠይቁ፤ ምሽት ላይ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ይልበሱ። ከጥር በኋላ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ፏፏቴው ግን ይሳሳል። ሐምሌና ነሐሴ ለጀልባ አይመቹም፤ የዘጌ የእግር መንገድም ጭቃ ብቻ ይሆናል።

የጥምቀት ሰሞን ሌላ ነገር ነው። በዓሉን ለማየት የሚሄድ ሰው መኝታውን ከሳምንታት በፊት ይያዝ፤ ጸጥታ ፈላጊ ግን ያን ሳምንት ቢተወው ይሻለዋል።

ቀን ሲቆርጡ የቤተ ክርስቲያኑን ሰዓት ይጠይቁ

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው። የጣና ገዳማት የጸሎት ቤቶች ናቸው፤ ቅዳሴ እየተቀደሰ ጎብኚ ሥዕል ሊያይ አይገባም። እሑድ ጠዋት የሄደ ቅዳሴው እስኪወጣ ድረስ፣ ቢያንስ እስከ 3 ሰዓት፣ ደጀ ሰላም ላይ ይጠብቃል። በጾም ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ጠዋቱ ለጎብኚ ክፍት ነው። ስለዚህ በዐቢይ ጾም ማክሰኞ ጠዋት መሄድ ከፋሲካ በኋላ ካለ እሑድ ይመረጣል። ኪዳነ ምሕረት በዓመት የምትነግሥበት የካቲት 16 ቀን ዘጌ በምእመን ስለሚሞላ፣ ሥዕሉን ቀስ ብሎ ለማየት የማይመች፣ ለማስቀደስ የመጣ ሰው ግን የማይረሳው ቀን ነው።

መንገዱ

ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ሩብ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመናኸሪያ ማልዶ የተነሣ ከሰዓት በኋላ ይገባል። በዚያ ሰዓት ወደ ሐይቁ ለመሮጥ አይቸኩሉ፤ ያ ቀን የመድረሻ ቀን ነው፣ ከሁለቱ ቀናት አይቆጠርም። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጣ በአንድ ሰዓት በረራ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አየር ማረፊያ ያርፋል፤ በመኪና የሚመጣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ደጀን ላይ ይወጣል።

የመንገዱ ሁኔታ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ ከመነሣትዎ አንድ ቀን በፊት ባሕር ዳር ላለ ዘመድና ለሆቴሉ ይደውሉ። የመናኸሪያ ሰዎችም ዛሬ መኪና ወጥቶ እንደሆነ በሚገባ ያውቃሉ። መንገድ ተዘግቷል ከተባለ ጉዞውን ማሳደር ነው፤ ጣና ያን ጊዜ ይጠብቃል።

ጀልባውን ማምሻውን ይስማሙ

ከተማዋ እንደገቡ ዕቃዎን ያስቀምጡና ወደ ሐይቁ ዳር ይውረዱ። ጀልባ የሚፈለገው ለነገ ጠዋት ነው፤ ስምምነቱ ግን ዛሬ ማታ ያልቃል። ጠዋት ወደብ ላይ ቆሞ የሚከራከር ሰው ምርጡን የውኃ ሰዓት በክርክር ያባክናል።

ስትነጋገሩ አራት ነገር ግልጽ ይሁን። ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ ለአንድ ሰው? ነዳጁ በውስጡ ነው? ስንት ቦታ ይቆማል? በየቦታውስ ምን ያህል ይጠብቃል? የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ባለጀልባው "አንድ ሰዓት" ሲል ወደ ገዳሙ የሚወስደውን መውጫና መውረጃ ቆጥሮ ነው፣ እርስዎ የሚያስቡት ግን ቤተ መቅደሱ ውስጥ የሚቆዩበትን ይሆናል። የሕይወት አድን ጃኬቱን ደግሞ በዐይንዎ ይዩት። "አለ" ማለት አይበቃም፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ፣ ማሰሪያው ያልተበጠሰ፣ ለልጆችም በልካቸው መኖር አለበት። አንድ ጊዜ ስምንት ሆነን አምስት ጃኬት ተሰጠንና ባለጀልባው "ጣና የዋህ ነው" አለን። አልተሳፈርንም።

የት እንሂድ?

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ 37 ያህል ደሴቶች የሚቆጠሩለት ሐይቅ ነው። በሁለት ቀን ሁሉን እደርሳለሁ ያለ አንዱንም አያይም። በእቴጌ ምንትዋብ የታነጸችው ናርጋ ሥላሴ ደቅ ደሴት ላይ ናት፤ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብና የሌሎች ነገሥታት አስከሬን የሚገኝበት ዳጋ እስጢፋኖስም ወደዚያው ነው። ሁለቱም እጅግ ድንቅ ናቸው፣ ግን ሩቅ ናቸው፤ ለሌላ ጊዜ ይተዋቸው። ለአጭር ጉብኝት የዘጌ ልሳነ ምድርና በመንገድ ላይ ያሉት ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ይበቃሉ።

እዚህ ላይ አስቀድሞ መነገር ያለበት ነገር አለ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። እኔ ይህን ሳልነግራት አክስቴን ክብራን ድረስ ወሰድኳት። ነጠላዋን አደግድጋ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ልትወርድ ስትል ጀልባ ነጂው በእርጋታ፣ "እማማ፣ እርስዎ እዚህ ይቆዩ፣ ሴት አያልፍም" አላት። "ገብርኤልን ብዬ ከደብረ ማርቆስ መጥቼ?" አለችው። ልጁም ጥቂት አሰበና፣ "ገብርኤል ከዚህም ይሰማዎታል፣ እማማ" አለ። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጸለየች። እኔ ግን ከላይ የገዳሙን የብራና መጻሕፍት ሳይ ልቤ ከታች ነበር። ፊት ለፊት ወዳለው እንጦስ ኢየሱስ ሴቶችም ስለሚገቡ ከዚያ በኋላ ወሰድኳትና በመጠኑ ታረቅን። ቤተሰብ ይዘው ከሆነ ክብራንን ይዝለሉት፤ ወይም ማን እንደሚገባ ማታውኑ ተነጋግራችሁ ተስማሙ።

አንደኛው ቀን፦ ዘጌ

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከወደብ ይነሡ። በዚያ ሰዓት ውኃው እንደ መስታወት ነው። ከደንገል በተሠራ ታንኳ ላይ የተቀመጠ ዓሣ አጥማጅ ያልፋችኋል፤ ከሩቅ ሲያዩት ታንኳው ስለማይታይ ሰውየው ውኃ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ፔሊካን የሚባሉት ባለ ትልቅ መንቁር ነጫጭ ወፎችም በዚህ ሰዓት አይጠፉም። በመንገድዎ አረንጓዴ ምንጣፍ የሚመስል ነገር ተንሳፍፎ ካዩ ውበቱ አያታልልዎ፤ እምቦጭ ነው፣ የዓሣውንም የአጥማጁንም ኑሮ ያጠበበ አረም። ውኃው ውስጥ ለመዋኘት ግን አይሞክሩ፤ ቢልሃርዚያ አለበት።

ዘጌ ለመድረስ እንደ ሞተሩ ጉልበት አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከወደቡ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ሽቅብ የሚወጣ ነው። በዘጌ በበሬ ማረስና ከብት ማርባት በጥንት ሥርዓት ስለተከለከለ ጫካው እስከዛሬ ቆሟል። የአካባቢው አባቶች እንደሚተርኩት፣ የገዳሙ መሥራች አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። ከመግባትዎ በፊት ቀና ብለው ጉልላቱን ይዩ፤ መስቀሉ ላይ የሰጎን እንቁላል ተሰክቷል። ጫማ ይወልቃል፣ ሴቶች ነጠላ ያደርጋሉ፣ ወንዶችም በቁምጣ አይገቡም። መግቢያውን ሲከፍሉ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ዝርዝር ብርም ይያዙ። ፎቶ ለማንሳት ሁልጊዜ ያስፈቅዱ፣ ብልጭታውን ያጥፉ።

ውስጥ ሲገቡ ዐይንዎ ጨለማውን እስኪለምድ ይታገሡ። ቀስ በቀስ የመቅደሱ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ ሥዕል መሆኑ ይገለጣል። ሁሉንም ለማየት ከመሯሯጥ አንዱን ይምረጡና ይቁሙ። እኔ ሁልጊዜ የምፈልገው በላዔ ሰብእን ነው። ታሪኩን ከተአምረ ማርያም ሁላችንም ሰምተነዋል፦ 78 ሰው በልቶ፣ በእመቤታችን ስም ለአንድ በሽተኛ ጥርኝ ውኃ ስላጠጣ የዳነው ሰው። ሠዓሊው ሚዛኑን ሥሎታል፤ በአንዱ በኩል የበላቸው ነፍሳት፣ በሌላው ያቺ ጥርኝ ውኃ። አክስቴ ፊቱ ቆማ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችውና፣ "ከዚያ ሁሉ ሐይቅ ጥርኝ አነሰችው" አለች። ዲያቆኑ ሳቀ።

ጊዜ ከተረፈ አዝዋ ማርያም በእግር ቅርብ ናት። ከዚያ በላይ አይጨምሩ። ከቀኑ 6 ሰዓት ሳያልፍ ጀልባው ላይ ይሁኑ፤ ነፋሱ ሲጀምር እርስዎ ባሕር ዳር ዓሳ ጉላሽ ፊት ተቀምጠዋል። ዓሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለካህናቱ እተዋለሁ፤ ምግብ ቤቶቹ ግን በጾሙም ያቀርባሉ።

ሁለተኛው ቀን፦ ጢስ ዓባይ

ፏፏቴው ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አብዛኛው ሰው "ጭሱ ጠፋ" ብሎ የሚያማርረው ምክንያቱን ሳያውቅ ስለሚሄድ ነው። ከሐይቁ የሚወጣው ውኃ በጨረጨራ መቆጣጠሪያ ይመጠናል፤ ከፏፏቴው በላይ ደግሞ ለጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫዎች ይጠለፋል። በ2002 ዓ.ም ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ማመንጫም ከሐይቁ በዋሻ ይወስዳል። ስለዚህ በመጋቢት ቢሄዱ የሚያገኙት ገደሉን የሚልስ ቀጭን ክር ሊሆን ይችላል፤ በመስከረም ከሆነ ከ40 ሜትር ግድም ሲወረወር ርጭቱ ልብስ ያርሳል። ማመንጫው ውኃ የሚለቅበት ቀን ስለሚኖር ማታውን የአካባቢውን አስጎብኚ ይጠይቁ።

ፏፏቴው ቢሳሳም በመንገዱ ላይ ያለው የድንጋይ ድልድይ አያሳፍርም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው፣ ሰዉም የፖርቹጋሎች ድልድይ ይለዋል። ገበያተኛ፣ አህያና ተማሪ ዛሬም ይሻገሩበታል። የሚያዳልጥ ስለሆነ ጎማ ያለው ጫማ ያድርጉ።

ከሰዓት በኋላ ከተማ ውስጥ ይቆዩ። ባጃጅ ይዘው ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ይውጡ፤ ዓባይ ከሐይቁ ተለይቶ ጉዞውን ሲጀምር ከላይ ይታያል፣ ዕድል ካለ ጉማሬም ጭምር። ሲመለሱ በ2016 ዓ.ም የተመረቀውን 380 ሜትር ርዝመት ያለውን አዲሱን ድልድይ በእግር ይሻገሩ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግማሹ ከተማ እዚያ ነው።

የዘጌን ቡና ለቤት ለመውሰድ ካሰቡ ከዘጌው መንገድ ላይ ከሚሸጡት እናቶች ጥሬውን ይግዙ፤ የተቆላው በአውቶቡስ ውስጥ ጠረኑ ደብረ ማርቆስ ሳይደርስ ያልቃል።