ልኬት ስትቀይር ሞዴሉ ይተራመሳል? ስኬቹን እይ

ፍሪካድ የሚባለውን የኮምፒውተር መሣያ ፕሮግራም የጀመሩ ልጆች ኮምቦልቻ ያለችው ቶርኖ ቤታችን ይመጡና «ልኬት ቀየርኩ፣ ሥዕሉ ተበላሸ» ይሉኛል። ላፕቶፑን ሳልከፍተው መልሱን አውቀዋለሁ። ስኬቹ፣ ማለትም ሞዴሉ የሚነሳበት ጠፍጣፋ ሥዕል፣ አልታሰረም፤ መስመሮቹና ክቦቹ የት እንደሚቆሙ ለፕሮግራሙ አልተነገረውም። አብሽሩ፣ ይስተካከላል።

ምልክቱ ሁሌም አንድ ነው። አንዱን ቁጥር ትቀይራለህ፣ ቀዳዳው ባለበት ይቀራል ወይ መስመሩ ይጣመማል። ምክንያቱ በዓይንህ ገምተህ ማስቀመጥህ ነው። ላንተ መሃል ላይ ያለ ይመስላል፤ ፕሮግራሙን ግን «ይሄ መሃል ነው» ያለው ማንም የለም።

አንዱ ልጅ ለወፍጮ የኩሽኔታ ቤት ሣለ። ኩሽኔታው ቁጥር 6204 ነበር፣ የውጭ ዲያሜትሩ 47 ሚሊ። ባለወፍጮው ሐሳቡን ቀየረና 6205 ይሁንልኝ አለ፣ እሱ ደግሞ 52 ነው። ልጁ 47ቱን ሰርዞ 52 ጻፈ፣ ሌላውን ዞር ብሎም ሳያይ ፕሪንት አድርጎ ለቶርኖው ሰጠ። አራቱ የቡሎን ቀዳዳዎች ንቅንቅ አላሉም። ተቆርጦ ሲመጣ በመሃሉ ቀዳዳና በቡሎኖቹ ቀዳዳዎች መካከል የቀረው ብረት በካሊፐር ግማሽ ሚሊ! ብረቱን ቁራሌው ወሰደው፣ ዋጋውን እኛ ከፈልን።

መፍትሄው ይኸው። መጀመሪያ የትልቁን ክብ መሃል ከመነሻው ነጥብ ጋር እሰር፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይለካ። ቡሎኖቹ የሚሰለፉበትን ክብ በረዳት መስመር ሣልና ዲያሜትሩ ላይ ቁጥር ሳይሆን ቀመር ጻፍ፣ ለምሳሌ የመሃሉ ቀዳዳ ሲደመር 25። 47 ሲሆን 72፣ 52 ሲሆን 77፣ ራሱ ይሄዳል። ከዚያ መስመሩን በማውስ ጎትት። ከተንቀሳቀሰ አልታሰረም። ቀለሙን ካልነካካህ ሙሉ በሙሉ የታሰረ ስኬች አረንጓዴ ይሆናል።

ደግሞ አደራ፣ አረንጓዴ ለማድረግ ብለህ ሁሉንም በብሎክ፣ ያለ ልኬት ባለበት በሚያደርቀው ማሰሪያ፣ እንዳትቸነክር! ይሄን ያደረገ ልጅ አጋጥሞኛል፤ ስኬቹ እንደ መስኖ ማሳ አረንጓዴ ነው፣ አንድ ልኬት ላስገባ ስል ግን እምቢ አለኝ። ያ ማሰር አይደለም፣ ማታለል ነው።

ፓድ፣ ስኬቹን ውፍረት የሚሰጠው ትእዛዝ፣ እምቢ ካለ የሆነ ጥግ ክፍት ነው፤ የስኬች ማረጋገጫው ያልተገናኙትን ነጥቦች ፈልጎ ያገናኝልሃል።

ኮንስትሬይንቱ፣ ማለትም ማሰሪያው፣ ተጋጨ ካለህ የመጨረሻውን አጥፋ።

ፊሌት፣ ጥግ የሚያከብበው ትእዛዝ፣ ካልሠራ ሬዲየሱን ቀንስ፣ ፊሌትን ደግሞ መጨረሻ ላይ ሥራ፣ መጀመሪያ ላይ አትሥራ፣ ስንት ጊዜ ልናገር።

ስኬቹ ዘሎ የሞዴሉ ሌላ ገጽ ላይ ከተለጠፈ፣ የያዝከው እትም እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው 1.0 በፊት ያለ ሊሆን ይችላል። አዲሱን ጫን። ችግሩን በደንብ ቀንሶታል፣ ፈጽሞ ግን አላጠፋውም።

ክራክ የተደረገ ሌላ ፕሮግራም ጭነህ ላፕቶፕህ በቫይረስ ከታመመ ወደኔ አታምጣው። ፍሪካድ በነፃ ነው እኮ!

ሴቭ ሳታደርግ መብራት ከሄደብህም መድኃኒት የለኝም። ቡና እየጠጣህ ጠብቅና እንደገና ሣለው።